ስለ ናናው ቅጽና ስለ ታናሽ እህቴ ስም ለዋና ሥራ አስኪያጁ

ለተከበሩ የተፈጥሮ ዕፅዋት ውጤቶች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ በየወሩ እንደሚከፍቷቸው ሱቆች ይብዛልዎ፤ እንቅልፍዎም በአረንጓዴው ቆርቆሮ አሽገው እንደሚሸጡት የማረጋጊያ ሻይ የሰላም ይሁንልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይከፋዋል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ይታዘዘኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ወደ ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቼ፣ አራቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ በመልካም ፈገግታ «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ስለሸኘችኝ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ብዬ ነው በዚህ በኩል የዞርኩት። ትልቅ ሰው ለባለጉዳይ ጊዜ ቢያጣ እንኳ ለጋዜጣ አያጣም።

ካላስታወሱኝ፣ የማድረቂያ ክፍሏ ሴትዮ ነኝ። ድርጅቱ ሦስት ሱቅ ብቻ በነበረው ጊዜ፣ እርስዎም ራስዎ ከረጢት በሚሸከሙበት ዘመን፣ ከታናሽ እህቴ ጋር በአንድ ቀን ተቀጠርን። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ናና፣ ጦስኝና የሎሚ ሣር በሽቦ አልጋ ላይ ስናሰጣ፣ ስናገላብጥ፣ ስንለቅም ኖርን። ዛሬ ሱቆቹ አርባ አንድ ደርሰዋል። እኛ ሁለት ነበርን፤ አሁን አንድ አንድ ሆነናል። የምጽፍልዎም ባልሠራችው ጥፋት ስላባረሯት ስለዚያች እህቴ ነው። ስሟ እንዲጸዳላት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

አቤቱታ በቁጥር ሲጻፍ ለአንባቢ ይቀላል ብላ ያስተማረችን የራስዎ ድርጅት መምህርት ስለሆነች፣ እኔም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፊደል ስላስቆጠሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምርታችን ከኬሚካል የጸዳ መሆኑን የሚመሰክሩልን መርማሪዎች መጥተው፣ በቅጾቻችን ላይ ከፊርማ ይልቅ የአውራ ጣት አሻራ በዝቶ ቢያዩ ቅር ስላላቸው፣ እርስዎ በምሳ ሰዓት በመመገቢያ አዳራሹ ትምህርት እንዲጀመር አዘዙ። መምህርታችን የዕቃ ግምጃ ቤቷ ጸሐፊ ነበረች፤ ልጅ ናት፣ ግን ታጋሽ ናት። እህቴ ሁለት ቀን መጥታ ተወችው። «እትዬ፣ አንቺ ተማሪልኝ፤ ለሁለታችን አንድ አንባቢ ይበቃናል» አለችኝ። እኔ ግን ገፋሁበት። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የጻፍኩ ቀን ወረቀቱን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከትቼው ዋልኩ፤ ማታ ለእህቴ ባሳያት «ይሄ ሁሉ አንቺ ነሽ?» ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ይህን ደስታ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። የሰጡት ለእኔ ሳይሆን ለመርማሪዎቹ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እኔ ሁሉንም ነገር የምረዳው ዘግይቼ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ በአርባ አንዱም ሱቅ በር ላይ «ቅጠሉን እናዳምጣለን» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም አጽፈዋል። ውብ አባባል ነው። ከየት እንደመጣ ለደንበኞችዎ ስላልነገሯቸው፣ ድካምዎን ለመቀነስ እኔ ልንገርልዎ።

ናና ሲደርቅ ቅጠሉ ይቀድማል። በጣትዎ ሲያሹት ስለሚፈረፈር የደረሰ ይመስልዎታል፤ አገዳው ግን ውኃውን ደብቆ ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ከታሸገ፣ አገዳው የደበቀውን ውኃ ለቅጠሉ እያካፈለ ሁሉንም ያሻግተዋል። ስለዚህ እህቴ አገዳውን ጆሮዋ ሥር ታስጠጋና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀጭ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ከተለመጠ ወይም ድምፁ ከደከመ ገና ነው፣ ተመልሶ ይሰጣል። ዘዴውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደ እሷ የሚሰማ ግን በመካከላችን አልነበረም። ከአፏ «ደርሷል» የሚል ቃል ወጥቶ የተበላሸ አንድ ከረጢት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁም። ሠራተኛው ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚላት። አንድ ጊዜ እርስዎ ራስዎ እንግዶች ይዘው መጥተው አገዳ ስትሰብር አሳይተዋቸዋል። አንደኛው እንግዳ ሳቀ፤ ሌላው በማስታወሻው ላይ ጻፈ። አባባሉን ያመጣልዎ የጻፈው ሰውዬ ይመስለኛል። አባባሉ በሮቹ ላይ ተሰቀለ፣ የአባባሉ ባለቤት ደግሞ በበሩ ተሸኘች። ዛሬ አርባ አንድ በር እናዳምጣለን ይላል፤ ከበሮቹ ኋላ የሚያዳምጥ ሰው ግን አንድም የለም።

ሦስተኛው ይከብደኛል፤ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው የዝናብ ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ዐሥራ አራት ሱቆች እንዲከፈቱ ወስነው ነበር። የሽያጭ ኃላፊዎን እኛ በጓዳ «አቶ ዕድገት» ነበር የምንላቸው፣ ያለዚህ ቃል አፋቸውን ስለማይከፍቱ። አስነጥሷቸው «ይማርዎ» ብላቸው «ዕድገት ነው» ብለው መለሱልኝ የምትል ሠራተኛ አለች፤ እኔ በቦታው ስላልነበርኩ አልመሰክርም። እኚህ ሰው ወደ ማድረቂያ ክፍላችን መጡና ባዶ መደርደሪያ ሱቅ እንደማይባል አስረዱን። ናናው ሽቦ አልጋው ላይ ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ውጪው ዝናብ፣ ውስጡ እርጥበት፣ ግድግዳው ራሱ እንደ ታመመ ሰው ያልበዋል። እህቴ አንድ አገዳ ሰብራ አዳመጠችና «ሁለት ቀን ይስጡኝ» አለች። እሳቸው ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው «ይኸው ደርቋል እኮ» አሉ። «ጌታዬ፣ ቅጠል ሐሜተኛ ነው፣ ያልሆነውን ያወራል፤ አገዳውን ይጠይቁት» አለቻቸው። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም ሳቅን። አቶ ዕድገት አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ ናናው በከረጢት ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ከፊደል ትምህርቱ የምንመረቅበት ቀን ነበር። ኬክ ተቆረሰ፤ እርስዎም ንግግር አደረጉ፤ እኔም የማድረቂያ ክፍል ተቆጣጣሪ ተብዬ ተሾምኩ። ፎቶግራፌ በዓመታዊው መጽሔትዎ ላይ ወጥቷል፤ እርሳስ ይዤ ነው የተነሳሁት። የደረሰኝን ኬክ ሳልጨርስ አቶ ዕድገት አንድ ክምር ቅጽ ይዘው መጡና «እንግዲህ እማማ፣ ባለፊርማ ሆነዋል፤ እዚህ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አሉኝ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ማንም እጄን አልያዘኝም። ቅጹን ማንበብ እችል ነበር። ግን እኔ የማነበው ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እየጎተትኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው፤ አንድ ገጽ እስክጨርስ ድስት ጥዶ ማውረድ ይቻላል። እሳቸው ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ የምረቃ ወረቀቴ ገና በእጄ እያለ ጀማሪነቴ እንዳይታይብኝ አፈርኩ። ያነበብኩ ለመምሰል በየገጹ ላይ ትንሽ ጎንበስ እያልኩ ፈረምኩ። ሃያ ሁለት ገጽ ነበር። ስሜን ሃያ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ እያንዳንዱንም እያሳመርኩ። ዐሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ «ናናው አምስት ቀን ደርቋል፤ አገዳው ተሰብሮ ተሰምቷል፤ የፈተሸችውም» ይልና የእህቴ ስም ይከተላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ኋላ ሲያሳዩኝ አየሁት፤ ያምራል።

ማይም በነበርኩ ጊዜ ቢሆን «መጀመሪያ አንብቡልኝ፣ ከዚያ አሻራዬን ላኑር» እል ነበር። ማይም ሰው ይጠነቀቃል።

አራተኛ። ናናው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው በየሱቁ ሻገተ። ደንበኞች ቆርቆሮውን ሲከፍቱ የሰነበተ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል እያሉ መለሱት። ድርጅትዎ ጥፋተኛ በማግኘት ረገድ ያሳየውን ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም፤ ናና ለማድረቅ የጠፋው ሁለት ቀን፣ ሰው ለማባረር አላስፈለገም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በእርስዎ ቤት ግን አፍሳሹ ሌላ፣ ልቀሚ የተባለችው ሌላ ናት።

ሰኞ ጠዋት በዋናው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንበብ የማይችሉት ሴቶች ተሰብስበው ቆመው ነበር፤ እህቴም በመካከላቸው ነበረች። እኔን ሲያዩ «ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ እሷ ታንብብልን» አሉ። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ኮርቻለሁ። እህቴ ከፊቴ ያሉትን «አሳልፏት፣ አሳልፏት» እያለች መንገድ አስለቀቀችልኝ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ስለማነብ ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚወስደኝ አላየሁም። «በማድረቂያ ክፍል በተፈጸመ ከባድ ቸልተኝነት» አልኩ። «ሠራተኛ» አልኩ። ከዚያ የእህቴን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩ። እናታችን ያወጣችላትን ያንን ስም እኔ ከዚያ በፊት ተጽፎ አይቼው አላውቅም፤ የመጀመሪያዬ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የተሰናበተች መሆኑን፣ ማስረጃውም በክፍሉ ተቆጣጣሪ የተፈረመ ቅጽ መሆኑን» ብዬ ካነበብኩ በኋላ ነው ጣቴ የቆመው። ከዚያ የሚቀጥለው የራሴ ስም ነበር። ባላነበውም ሁሉም ያውቁታል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ እህቴ።

አልጻፍኩትም፣ የፈረምኩት ብቻ ነው ብዬ መለስኩላት። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ልዩነቱ አይገባኝም» አለችና ሽርጧን ፈትታ በጥበቃው እጅ ላይ አኖረችው። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራች ሴት ከድርጅትዎ ይዛ የወጣችው የለበሰችውን ቀሚስ ነው።

የምንኖረው አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው። ስምንት ወር ሆነው። ስታስል እሰማታለሁ፤ እኔ ሳስል ደግሞ እሷ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርጋለች። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከተገናኘን «እንደምን ዋሉ፣ ተቆጣጣሪ» ብላኝ ታልፋለች። በእናቴ ጀርባ ላይ ከእኔ ቀጥላ የታዘለች ልጅ አንቱ ስትለኝ ምን እንደሚመስል ለመጻፍ የተማርኩት ፊደል አይበቃኝም። ሥራ ፍለጋ የሄደችበት ቅጠል አድራቂ ሁሉ «ናናውን ያሻገተችው ናት» እያለ ይመልሳታል። አሁን የሰው ደረጃ ታጥባለች። የዚያን ጆሮ ዋጋ የማያውቅ ሰው ባልዲ ሲያሲዛት ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው አላውቅም።

አምስተኛ፣ ከእርስዎ በታች ያሉ ሹማምንትዎ ላደረጉልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን እንዲያደርሱልኝ እጠይቃለሁ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ወንበር ሰጥተውኝ «ሰነድ ሰነድ ነው፣ እማማ» አሉኝ። አቶ ዕድገት አሁን የዕድገት ዘርፍ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል፤ እንኳን ደስ ያላቸው፣ በመጨረሻ ስማቸውን አገኙት። እሳቸው ደግሞ «ሳላነብ ፈረምኩ ካሉ እኮ ጥፋተኛዋ እርስዎ ይሆናሉ» ብለው መከሩኝ። አዎን ጌታዬ፣ ይህንኑ ልናገር ነው የመጣሁት አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው፣ እንዲህ ያለው ወሬ ለምስክር ወረቀቱም ለአዳዲሶቹ ሱቆችም እንደማይበጅ፣ እኔም ጡረታ የምወጣበት ጊዜ ስለቀረበ በሰላም ብወጣ እንደሚሻለኝ በልጅነት ትሕትና ነገሩኝ። ስምንት ወር ዝም ያልኩት ስለዚህ ነው። ፈርቼ ነው። ስድስተኛውን አቤቱታ በራሴ ላይ ስለማቀርበው እዚህ አልቆጥረውም።

እንግዲህ በአደባባይ እናገራለሁ። ዐሥራ ሰባተኛው ገጽ ሐሰት ነው። ናናው የደረቀው ሦስት ቀን ብቻ ነው። እህቴ አልደረሰም ብላለች፤ በክፍሉ የነበርን ሁሉ ሰምተናል። ፊርማው የእኔ ነው፤ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ከእናንተ የተረፈው ጥፋት የእኔ ነው፤ ቅጣት ካለውም መኖሪያዬን ታውቃላችሁ። የተቆጣጣሪነት መታወቂያዬን ዛሬ ጠዋት ለጥበቃው አስረክቤያለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ካሣ አልጠየቅኩም፤ ወደ ሥራዋ ትመለስም አላልኩም፣ እሷም የምትመለስ አይመስለኝም። ያንኑ በሚያህል ወረቀት፣ በዚያው በር ላይ፣ በዚያው ማኅተም «ጥፋቱ የእሷ አልነበረም» ተብሎ ስሟ ተጠርቶ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂም በአድራሻዋ ይላክላት። በዚህ ሁሉ ዕድገት መካከል ወረቀት ተወዶ ከሆነ፣ ወረቀቱን እኔ አቀርባለሁ።

በመጨረሻም ሱቆችዎ እንዲበዙ፣ ቆርቆሮዎችዎ እንዲያምሩ፣ መርማሪዎችዎ እንዲረኩ፣ ስብሰባዎችዎም አንድ ቀን እንዲያልቁ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ደረጃ መውጣት በማይችለው ጉልበቴ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የናና ሽታ ከመዳፏ የማይለቅ፣ ዘግይታ የተማረች፣ ተቆጣጣሪ ተብላ አንድ ነገር ያልተቆጣጠረች፣
የጆሮ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፣ ደብዳቤውን ጨርሼ ለጋዜጣው ልሰጥ ስነሳ በሬ ተንኳኳ። እህቴ ናት። ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ የድርጅትዎ ማኅተም ያለበት ያልተከፈተ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ግቢ ብላት አልገባችም። «ሌላ አንባቢ አጥቼ ነው» አለችኝ፤ ግን ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ምን ተስፋ አድርጋ እንደመጣች ፊቷ ላይ ያየሁት ፖስታውን ሳልከፍት ነው። የሠራተኞችን አድራሻ ወደ ደንበኞች መዝገብ ገልብጣችሁት ኖሯል፤ ወረቀቱ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምርና፣ አርባ ሁለተኛው ሱቅ ሲከፈት ይህን ይዘው ለመጡ በማረጋጊያው ሻይ ላይ ዐሥር በመቶ ቅናሽ እንደሚደረግላቸው ያበሥራል። በልቤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ምን ይላል?» አለችኝ። መነጽሬ ጥገና ላይ ነው፣ ዓርብ ነው የሚሰጡኝ አልኳት፤ መነጽሬ ግን ዓይኔ ላይ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እንግዲያው ዓርብ እመጣለሁ፣ እትዬ» ብላ ሄደች። እትዬ ካለችኝ ስምንት ወሯ ነው። ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ረቡዕ ነው፤ ለእርስዎ ሁለት ቀን ይተርፍዎታል። ዓርብ ጠዋት በሬን ከፍቼ እጠብቃታለሁ። የማነብላትን እርስዎ ይምረጡ።